የወረዳ ሆስፒታል "ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?" በምን ይለካል?

የጦሳ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ደቡብ ወሎ ውስጥ ፕላንና በጀት ላይ ነው የምሰራው፣ ሙያዬ አካውንቲንግ ነው እንጂ ጤና አይደለም፣ ስለዚህ ጥያቄዬ ለባለሙያ ቀላል ከሆነ ታገሱኝ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ስናዘጋጅ የአካባቢያችን የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ተነሳና አንድ ትልቅ ሰው "ይሄ ሆስፒታል ብቻውን የስንት ጤና ጣቢያ ብር ነው የሚወስደው? ያዋጣናል ወይ?" ብለው ጠየቁ። ማንም መልስ አልነበረውም፣ በመጨረሻ እኔ ሰርቼ እንዳቀርብ ተባልኩ።

እኔም የማውቀውን አደረግኩ፣ የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ ወሰድኩና በመጣው ታካሚ ብዛት አካፈልኩት፣ ጤና ጣቢያዎቹንም እንደዛው። ሆስፒታሉ ለአንድ ሰው የሚያወጣው የጤና ጣቢያውን ብዙ እጥፍ ሆኖ ቁጭ አለ። ይሄን ወረቀት ይዤ ብገባ የሚወሰነው ይታወቃል፣ ሥራ ማስኬጃው ይቀነሳል። ግን ልቤ እሺ አላለኝም። አምና ታናሽ እህቴ ምጥ ጠንቶባት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዛው ሆስፒታል ነው በኦፕራሲዮን የተገላገለችው፣ ዛሬ እሷም ልጁም ደህና ናቸው፣ እና በኔ ሠንጠረዥ ላይ እህቴ ማለት ጉንፋን ይዞት መጥቶ ፓራሲታሞል ተቀብሎ ከሄደ ሰው እኩል "አንድ ታካሚ" ነች። ይሄ እንዴት ልክ ይሆናል?

በምንድን ነው ማካፈል ያለብኝ? ከምን ጋር ነው የማወዳድረው? ደግሞስ ሰው ደሴ ድረስ ሲሄድ ከኪሱ የሚያወጣው የት ይገባል፣ ወይስ የመንግስት በጀት ስላልሆነ አይመለከተኝም? የሰራበት ካለ በእናታችሁ አስረዱኝ፣ የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው።

መምህር ከኮምቦልቻ፦

ወንድሜ ጥያቄህ ቀላል አይደለም፣ ዲግሪ ይዞም የሚስተው ብዙ ነው። የሰራኸው የወጪ ቆጠራ ነው፣ "አንድ ሰው ለማየት ስንት አወጣን" ነው የሚልህ፣ "ባወጣነው ብር ምን ዳነ" አይልህም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ቆጠራውም ራሱ ግን ሆስፒታሉን በድሎታል። በደረጃው መሰረት ጤና ጣቢያ ገጠር ላይ እስከ 25 ሺህ ሰው እንዲያገለግል ታስቦ አምስት አልጋ አካባቢ ነው ያለው፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው፣ አልጋውም ከ25 እስከ 50። ተኝቶ የሚታከም ሰው አለ ማለት ምግብ አለ፣ ሌሊት ተረኛ አለ፣ ልብስ አጠባ አለ፣ ኦክስጅን አለ። ስለዚህ ተመላላሽና ተኝቶ ታካሚን አንድ ላይ ደምረህ ማካፈል በግና በሬን በራስ ቆጥሮ ዋጋ እንደማውጣት ነው። የሚሰራው እንዲህ ነው፤ አንድ የአልጋ ቀን (አንድ ሰው አልጋ ይዞ የተኛበት አንድ ቀን ማለት ነው) ከስንት የተመላላሽ ምርመራ ጋር እኩል ወጪ ይፈጃል ብለህ ማባዣ ታገኛለህ፣ ከዛ ሁሉንም ወደ አንድ ዓይነት መለኪያ ትቀይራለህ። ለምሳሌ ያህል ብቻ (ቁጥሩን እኔ ነኝ የፈጠርኩት ለማስረዳት) 40 አልጋ ያለው ሆስፒታል በዓመት 20 ሚሊዮን ብር ያወጣል፣ 30 ሺህ ተመላላሽ አየ፣ 8 ሺህ የአልጋ ቀን ሰጠ እንበል። ተመላላሹን ብቻ ይዘህ ብታካፍል 667 ብር ይወጣል። አንድ የአልጋ ቀን አራት ተመላላሽ ያህላል ካልክ ግን 8 ሺው 32 ሺህ ይሆናል፣ ድምሩ 62 ሺህ፣ ዋጋውም 323 ብር ገደማ ይወርዳል። ያው ሆስፒታል፣ ያው ብር።

ማባዣውን ከየት አመጣለሁ ካልክ ስቴፕ ዳውን የሚባለውን አካሄድ ተጠቀም። ጥበቃ፣ አስተዳደር፣ ጽዳት፣ ወጥ ቤት የመሳሰለውን ወጪ መጀመሪያ ወደ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲና ራጅ ታወርዳለህ፣ ከዛ እነዚህን ደግሞ በሽተኛ ወደሚታከምባቸው ክፍሎች፣ ኦፒዲ (ተመላላሽ)፣ ዋርድ (ተኝቶ መታከሚያ)፣ ማዋለጃ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል። ጽዳትን በካሬ ሜትር፣ ልብስ አጠባን በአልጋ ቀን፣ ላቦራቶሪን በምርመራ ብዛት ታከፋፍላለህ። ለአካውንታንት ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ ፋብሪካ ላይ የተማርከው ኮስቲንግ ማለት ነው። በእርዳታ የመጣ እቃና መድኃኒትም ዋጋ ይሰጠው፣ ብር ስላልወጣበት ነጻ ነው ማለት አይደለም፣ ማሽኑን ደግሞ በገዛኸው ዓመት ላይ ብቻ አትጫነው፣ በሚያገለግልበት ዓመት አከፋፍለው። እና 2014ን መነሻ ዓመት እንዳታደርግ አደራ፣ በዛ ዓመት ጦርነት ላይ ስንት የወሎ ጤና ተቋም እንደተዘረፈ ታውቃለህ፣ ከዛ ዓመት ጋር አወዳድረህ "አሻሽለናል" ማለትም "ወድቀናል" ማለትም አይቻልም።

አሁን ወደ ውጤቱ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው የልማት ሪፖርት ያስተዋወቀው ዳሊ የሚባል መለኪያ አለ፣ በሞት የጠፋን ዕድሜና በአካል ጉዳት የተኖረን ዕድሜ ደምሮ በዓመት የሚቆጥር ነው። እህትህን እንውሰድ፣ ያን ሌሊት ብትሞት ኖሮ አርባ ዓመት ዕድሜ ይጠፋ ነበር ብንል፣ ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው የወደፊቱን በየዓመቱ በ3 ከመቶ ስንቀንሰው እንኳን 23 ዓመት አካባቢ ይቀራል፣ ይሄ ልጁን ሳንቆጥር ነው። ጉንፋኑ ስንት ያመጣል? በቀን የሚለካ ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፣ በኦፕራሲዮን የወለደች ሁሉ ባትወልድበት ትሞት ነበር ማለት አይደለም፣ እንደዛ ከቆጠርክ ቁጥሩ ያብጥና ማንም አያምንህም።

ከምን ጋር ላልከው፣ ከጤና ጣቢያው ጋር አይደለም። ሆስፒታሉ ባይኖር እነዛ ሰዎች የት ይሄዱ ነበር፣ ምን ይሆኑ ነበር፣ ከሱ ጋር ነው። የወጪውን ልዩነት በጤናው ልዩነት ታካፍላለህ፣ በቃ።

የማታ ተረኛ፦

መምህር ያለው ሁሉ ልክ ነው ግን እኔ ከውስጥ ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር ምክንያቱም ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልጠራም። አንድ ዓመት አኔስቴዥያ የሚሰጠው ልጅ ለቆ ሄደ። አንድ ሰው ነው የሄደው። ኦፕራሲዮን ክፍሉ አለ፣ አልጋው አለ፣ መብራቱ አለ፣ ቀዶ ህክምና የሚሰራው ኢሶ አለ፣ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርሶች አሉ፣ ሁሉም ደመወዙን ይቀበላል፣ ግን ማደንዘዣ የሚሰጥ ስለሌለ ለወራት ቢላ አልተነሳም። ምጥ የጠናባት ሁሉ ሪፈር ወደ ደሴ። እኔ ራሴ አምቡላንስ ላይ አብሬ ሄጃለሁ፣ እጇን ይዤ፣ መንገዱ ላይ የልጁ ልብ ምት ሲቆም የሰማሁበትን ቀን እስክሞት አልረሳውም።

እና በዛ ዓመት የሆስፒታሉን ወጪ ብታካፍሉት በጣም ውድ ሆኖ ይወጣል፣ አያዋጣም ትላላችሁ። ውድ ያደረገው ግን ምንድን ነው? የብዙ ሰው ደመወዝ ተከፍሎ የአንድ ሰው ደመወዝ ስላልተከፈለ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ የጄኔሬተር ናፍታ ነው፣ ሌላ ጊዜ የኦክስጅን ሲሊንደር የሚያመጣ መኪና ጎማ ነው፣ ሌላ ጊዜ ደም ነው። ወጪያችን አብዛኛው ደመወዝና ህንጻ ነው፣ እሱ በሽተኛ መጣም ቀረም ይወጣል። የሚጎድለው ሁሌ ትንሿ ነገር ነች፣ ሥራ ማስኬጃ ሲቀነስ ደግሞ መጀመሪያ የምትቆረጠው ያቺ ትንሿ ነች። ስለዚህ የጦሳ ልጅ፣ ወንድሜ፣ "ሆስፒታሉ ያዋጣል ወይ" ብለህ ሳይሆን "ቀድሞ የተከፈለበት ነገር የቱ ላይ ነው ቆሞ ያለው፣ ለማንቀሳቀስ ስንት ብር ይበቃል" ብለህ ጻፍላቸው። የኔ እምነት እሱ ነው።

ኢሶ ላልኩት ለማያውቅ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 አካባቢ የተጀመረ የማስተርስ ስልጠና ነው፣ ጤና መኮንኖችን ሦስት ዓመት አሰልጥኖ ድንገተኛ ቀዶ ህክምናና ማዋለድ እንዲሰሩ ያደርጋል። ሰርጅንና ጋይኒኮሎጂስት ገጠር አይቀመጥም ተብሎ የታሰበ ነገር ነው፣ እውነት ለመናገር እነሱ ባይኖሩ የወረዳ ሆስፒታል ስሙ ብቻ ነበር የሚቀረው።

ከወረባቦ፦

እኔ ትንሽ ልቃወም። ጤና ኤክስቴንሽን ሆኜ ዘጠኝ ዓመት ሰርቻለሁ፣ ቤት ለቤት። እዚህ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ኦፕራሲዮን ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ሲጀመር የተባለውን አስታውሱ፣ ሰው ሳይታመም እንድረስለት ነው የተባለው። ከ1ሺህ ልጅ አምስት ዓመት ሳይሞላው የሚሞተው እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ጥናት 166 ነበር፣ በ2016ቱ 67 ሆኗል። ይሄን ያመጣው ሆስፒታል ነው? ክትባት ነው፣ አጎበር ነው፣ ለተቅማጥ ኦአርኤስ ነው፣ ዚንክ ነው፣ ጡት ማጥባት ነው። በአንድ ብር ስንት ነፍስ ከተባለ ከዚህ የሚበልጥ የለም፣ መምህር ባለው ዳሊ ብትቆጥሩትም የኔን ክትባት ኦፕራሲዮን ክፍል አይደርስበትም። የኔ ፍርሃት ሆስፒታል ትልቅ ህንጻ ስለሆነ፣ ባለስልጣን ሊመርቀው ስለሚመች፣ ብሩን ስቦ ጤና ኬላው በሩ ተዘግቶ መቅረቱ ነው። ጤና ኬላ ላይ ሪፖርት ማድረጊያ ወረቀት ያጣንበት ጊዜ አለ እኮ!

የማታ ተረኛ፦

እህቴ ከወረባቦ፣ የሰራሽውን ሥራ ማን ይክዳል፣ እናቶቹን ወደኛ የምትልኪልን አንቺ ነሽ። ግን ከዛው ጥናት ላይ ሌላውንም ቁጥር እይው፤ በተወለደ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞተው እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1ሺህ 49 ነበር፣ በ2016 29። ወረደ፣ ግን እንደ ትልልቆቹ ልጆች አልወረደም። ምክንያቱም ታፍኖ የተወለደ ልጅ፣ ያለጊዜው የተወለደ፣ ደሙ የተመረዘ፣ እሱን ክትባት አያድነውም፣ ማሞቂያ፣ ኦክስጅንና በሰዓቱ የሚደረግ ኦፕራሲዮን ነው የሚያድነው። በ2016ቱ ጥናት እኮ በአገር ደረጃ በኦፕራሲዮን የሚወልዱት ከመቶ ሁለት ገደማ ነበሩ። አዲስ አበባ ብዙ ነው፣ ገጠሩ ምንም ማለት አይደለም። የቀረው ሞት አንቺ ከማትደርሺበት ቦታ ነው ያለው፣ እኔም ያላንቺ አልደርስበትም።

ጡረተኛ ጤና ረዳት፦

ልጆች ሰላም ለናንተ ይሁን። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ በስልክ መጻፍ ይከብደኛል፣ የልጅ ልጄ ናት እየነገርኳት የምትጽፍልኝ። የጦሳ ልጅ የሰው ኪስ የት ይገባል ብለህ ስትጠይቅ ደስ አለኝ ልጄ፣ ያን የሚጠይቅ ባለበጀት አይቼ አላውቅም።

እኔ በወሎው ቦረና በኩል፣ በከላላ፣ በወግዲ ሰርቻለሁ፣ ያኔ ከጤና ጣቢያ ሌላ አልነበረም። እናት ምጥ ሲጠናባት ቅሬው ይጠራል። ለሌላ አገር ሰው ልንገር፣ ቅሬ ማለት በወሎ እድር የምትሉት ነው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፣ ለቀብር ብቻ አይደለም፣ የታመመም ይሸከማል፣ ያልወጣ ይቀጣል። ቃሬዛ ይቆረጣል፣ ሀያ ሠላሳ ሰው እየተቀባበለ ወንዙን ይሻገራል፣ አቀበቱን ይወጣል፣ ሌሊት ተነስተው ፀሐይ ስትበረታ መኪና መንገድ ይደርሳሉ። አሁን አስብ፣ ወሩ ኅዳር ከሆነ አጨዳ ነው፣ የሠላሳ ሰው የቀን ሥራ ነው የቀረው። ይሄ የማንም መዝገብ ላይ የለም። ከዛ ደሴ ይገባል፣ አስታማሚ ሁለት ሦስት ሰው አብሮ ይሄዳል፣ ማደሪያ የለውም፣ አንዱ ግቢ ውስጥ ጋቢ ለብሶ ያድራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ መድኃኒት ከውጭ ግዙ ይባላል። በሬ ይሸጣል። ባለ ሁለት በሬ የነበረው ባለ አንድ ሆኖ ይመለሳል፣ በክረምት መቀናጆ ፍለጋ የሰው ደጅ ይጠናል፣ ምርቱ ይጎድላል። ልጅ ከትምህርት ይቀራል። እናቲቱ ድና እንኳን ቤቱ ይታመማል።

አሁን እዛው አካባቢ ሆስፒታል አለ፣ መካነ ሰላም አለ፣ አቀስታ አለ። ያ ሁሉ መንገድ ነው የቀረው። ሂሳብ ስትሰራ የመንግስትን ብር ለብቻ፣ የሰውን ብር ለብቻ በሁለት መስመር ጻፈው። አንዱን ብቻ ካየህ ሆስፒታሉን ስትዘጋ መንግስት ያተረፈ ይመስልሃል፣ ብሩ ግን ከመንግስት ሣጥን ወደ ገበሬው በሬ ነው የዞረው።

የጦሳ ልጅ፦

አባቴ አላህ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ አንቱ ያሉት ነገር ለሊቱን ሙሉ ሲመላለስብኝ አደረ። የማታ ተረኛ፣ አንቺም ያልሽው። ትናንት ሆስፒታሉ ድረስ ሄጄ የአልጋ ቀን መዝገቡን አየሁ፣ መምህር እንዳለው አድርጌ ስሞክረው ልዩነቱ በጣም ነው የጠበበው፣ ገና ግን አልጨረስኩም።

አንድ የገረመኝ ነገር፣ አንዳንድ ወር አልጋው ሞልቶ ሰው በፍራሽ ይተኛል፣ አንዳንድ ወር ግማሹ ባዶ ነው። ባዶ የሆኑትን ወራት ስጠይቅ አንዱ ላይ "መድኃኒት አልነበረም" ነው የተባልኩት። ይሄ የጤና መድህኑንም ያመጣብኛል፣ የማአጤመ (ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን) አባል የሆነ ሰው መዋጮውን ከፍሎ መጥቶ መድኃኒት ከግል ፋርማሲ ግዛ ሲባል ይሄ ወጪ የማን ነው የሚባለው? ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት እኮ ነው። ደግሞ ከመድህን የሚመጣውን ገንዘብ ከሆስፒታሉ ወጪ ላይ ልቀንሰው ወይስ አልቀንሰው?

መምህር ከኮምቦልቻ፦

አትቀንሰው። የመድህን ክፍያ ገቢ ነው፣ ወጪውን አያሳንሰውም፣ ማን እንደከፈለ ነው የሚነግርህ። ወጪው አንድ ነው፣ ከፋዩ ነው የሚለያየው፤ ክልል፣ መድህን፣ በሽተኛ፣ ለጋሽ፣ አራት ዓምድ አድርገህ አውጣው። ከውጭ የተገዛው መድኃኒት የበሽተኛው ዓምድ ውስጥ ይገባል። ማአጤመ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ወረዳዎች አንዷ እኮ የኛዋ ተሁለደሬ ነበረች፣ በ2003 አካባቢ፣ ሀሳቡም ሰው ታሞ በሬ እንዳይሸጥ ነበር። ስለዚህ አባታችን የነገሩንና ይሄ ጥያቄህ አንድ ነገር ነው፣ ለይተህ አትያቸው።

ባዶ አልጋውን ያየህበት ነገር ደግሞ የሪፖርትህ እምብርት ይሁን። ፓቦን ላሶ የሚባል ቀላል አካሄድ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሚሰራበት ነው፣ ሦስት ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ አልጋው ከመቶ ስንቱ ተይዟል፣ አንድ አልጋ በዓመት ስንት ሰው አስተናገደ፣ አንድ ሰው በአማካይ ስንት ቀን ተኛ። በወር በወር አድርገህ ሰንጠረዥ ላይ አስቀምጠው፣ የትኛው ወር ላይ ምን እንደጎደለ አጠገቡ ጻፍ። የበፊቱን ምሳሌ ብንቀጥል 8 ሺህ የአልጋ ቀን ማለት 40 አልጋ በ55 ከመቶ መያዝ ማለት ነው። 80 ከመቶ ቢደርስና ለዛ አንድ ሚሊዮን ብር ተጨማሪ መድኃኒትና ናፍታ ቢጨመር፣ ወጪው 21 ሚሊዮን ይሆናል፣ የአንዱ ዋጋ ግን ከ323 ወደ 274 ይወርዳል። ሥራ ማስኬጃ ቀንሰን እንቆጥብ ለሚሉት ሰውዬ ይሄን አንድ መስመር አሳያቸው።

ከወረባቦ፦

እሺ፣ በዚህ በኩል ተስማማሁ። ግን ያ 80 ከመቶ ሲባል ጉንፋን አስተኝቶ መሙላት እንዳይሆን፣ አልጋ መሙላት ለሪፖርት ጥሩ ነው ከተባለ ሰው ያለምክንያት የሚተኛበት ጊዜ ይመጣል። ደግሞ የአምቡላንሱን ነገር አትርሳ፣ ሆስፒታል ቢኖርም ከቀበሌ እስከ ሆስፒታል የሚያደርስ ከሌለ ቅሬው አሁንም ቃሬዛ እየቆረጠ ነው፣ አሁንም፣ እኔ ባለሁበት።

የጦሳ ልጅ፦

ሁላችሁንም አላህም እግዜርም ይስጥልኝ። ሰኞ ካርድ ክፍል እገባለሁ፣ ወደ ደሴ ሪፈር የተጻፈላቸውን ሰዎች የአንድ ዓመት እቆጥራለሁ፣ ከተገኘም ለምን እንደተላኩ። ከእነሱ ውስጥ ጥቂት ቤተሰብ አግኝቼ ስንት እንዳወጡ ልጠይቅ አስቤያለሁ፣ እስከ በሬው ድረስ።

የማታ ተረኛ፦

ካርድ ክፍል ብቻ አይበቃህም። የማዋለጃ ክፍል የሪፈር መዝገብ ለብቻው ነው፣ የድንገተኛውም ለብቻው ነው፣ ሌሊት የተላከ ደግሞ አንዳንዴ አምቡላንስ ሹፌሩ መዝገብ ላይ ብቻ ነው ያለው። ሹፌሩን ቡና ጋብዘህ አብረህ ቁጭ በል፣ እሱ ሁሉንም በቀን በቀን ያስታውሳቸዋል።